ጀርባዬን ሰጥቼው

ፈረቃ ለቀቅን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
ሰርቪሱ ተበላሽቷል፣ ጠፍቷል ደግሞ መብራት።
ስምንት ሆነን ወረድን፣ ከፋብሪካው በር
ወደ በርበሬ ወንዝ፣ በአቋራጭ፣ በአጥር ዳር።
ፀጉራችን በጥጥ ብናኝ ያለ ዕድሜው ሸብቷል፤
ጆሮዬ ውስጥ ገና መወርወሪያው ይሮጣል፣
ቀኝ ደርሶ ይመታል፣ ግራ ደርሶ ይመታል።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ከዚያ ማሽን ጋራ፤
ከንፈሩን ካላየሁ አይገባኝም ሰው ሲያወራ።

ለዚህ ነው እንግዲህ፣ ሲቲና ስትጠራኝ
ፊቷን ልፈልግ ብዬ ዞሬ የቆምኩኝ፤
"ምን አልሽ?" እላለሁ፣ አንገቴን አስግጌ፣
ሰማዩን ከነኮከቡ ከኋላዬ አድርጌ።

ያኔ ነጋ።

ነጋ ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለኝም፤
የማውቀው ንጋት ግን እንዲህ አያደርግም።
አረንጓዴ ነበር፣ እንደ ብየዳ እሳት፣
ዐይን የሚወጋ፣ ጫፉ ነጭ ያለበት።
የአጥሩ ቆርቆሮ ከነምስማሩ ታየ፤
ጥላዬ ከእግሬ ስር ተስቦ ተለየ፣
እንደ ሰዓት ዘንግ ዙሪያዬን ዞረኝ፣
ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ።

"ድሮን!" አለች ጦይባ። ቦይ ውስጥ ዘለሉ፤
የምሳ ዕቃ ክዳኖች ኮረኮንቹ ላይ ተንከባለሉ።
ከዚያ ዓመት ወዲህ ጉልበታችን ለብቻው ያስባል፤
ብርሃን ከላይ ከመጣ፣ ሳይጠይቀን ይታጠፋል።
እኔና ሲቲና ብቻ ቆመን ቀረን፤
እኔ ስላልገባኝ።
እሷ የሚያስፈራት ሌላ ስለነበረ።

አራት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ክር ስንቀጥል፣
በአፍ መሸፈኛ ስር በብናኝ ስንውል፣
ፊቷን ገና ያኔ አየሁት።
ቅንድቧ ላይ ያለች የቆየች ጠባሳ፤
አንዱ እንባ ሳይደርቅ ሌላው ሲነሳ።
ከንፈሯም ሲናገር አየሁ፤ ሦስት ቃል ነበረ፤
ለእኔ የተባለ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ጨለመ፣ ከበፊቱ የባሰ።
ቆየት ብሎ ደግሞ ደረቴን አንድ ነገር ገፋኝ፤
ጆሮዬ አይደለም፣ አጥንቴ ነው የነገረኝ።
ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ የጭነት መኪኖች ቆሙ አሉ፣
ደሴ ድረስ ውሾች አልቅሰው አደሩ አሉ።

በማግስቱ ወሬው ሻይ ቤቱን ሞላው።
ዘበኛው ይመር ሙሄ በልጆቹ ማለ፤
"ከሀረጎ ጀርባ ነው፣ ጢሱን አይቻለሁ" አለ።
ከደሴ የወረደ ሹፌር፣ "የለም፣ ጦሳን ታኮ
አዝዋ ገደል ገባ፣ እኔ ነኝ የማውቀው እኮ!"
የባቲው ነጋዴ ሳቀ፤ "ግመሎቻችን ደንብረው
ገመድ በጥሰዋል፣ እኛ ጋ ነው የወደቀው።"
ሁሉም በየጋራው ጀርባ ቀበረው፣
ሩቅ ነው ማለቱ ነውር ይመስል፣
የራስ ዘመድ ይመስል።

ልብስ ሰፊው አደም፣ "ሸይጧን ነው፣ ሰማይ ሲያዳምጥ የተወገረ"፤
እማማ አስካለ፣ "ትልቅ ሰው ሞቶ ነው" ብለው
ሬዲዮኑን ከፍተው ዋሉ።
ትልቅ ሰው አልሞተም፤
ሬዲዮኑ ስለ ስንዴ ዋጋ ሲያወራ መሸ።

የጎረቤት ተማሪ ስሙን ነገረኝ፤ ተወርዋሪ ኮከብ።
ሳቄ መጣ።
እኔ በየፈረቃው ስንት ሺህ ጊዜ ሲወረወር እያየሁ
ማንም ቆሞ አላጨበጨበ፣ ማንም ቦይ አልገባ።

"አንቺስ?" አሉኝ፣ "በየት በኩል ሲያልፍ አየሽ?"
"ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር" አልኳቸው።
ከልባቸው አዘኑልኝ፤
"በዕድሜ አንዴ የሚመጣ፣ ዐይን እያለሽ አመለጠሽ!"

ዝም አልኩ። ሻዬን ጠጣሁ።

ሰኞ ፈረቃ ገባን። መወርወሪያው ሮጠ፣
ቀኝ ደርሶ መታ፣ ግራ ደርሶ መታ፣
በመሃል አንዱ ክር ተበጠሰ።
ሲቲና ከመሸፈኛዋ በላይ በዐይኗ ጠየቀችኝ፤
ስለ ክሩ ይሁን፣ ስለዚያ ሌሊት፣ አልለየሁም።
ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ እሺ።
ጫፉን ያዘች፣ ጫፉን ያዝሁ፣
ቀጠልነው።